የዳኛው እጅ የማይደርስበት

ውሻችን ሉሉ ትባላለች። ስሙን ያወጣላት ደሴ ያለው አባቴ ነው፤ ፎቶዋን ብንልክለት የጃንሆይ ትንሽ ውሻ ትዝ አለውና በዚያው ስም ጠራት። ዘሯ ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓንየል ነው፤ ጆሮዋ ረጅም፣ ዐይኗ ትልልቅ፣ ጠጉሯ ነጭና ቀይ። እዚህ ለንደን ውስጥ ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እንግሊዛዊት አሮጊት ዕድሜያቸውን ሙሉ ይህንኑ ዘር ሲያረቡና ሲያወዳድሩ ኖረዋል። ሉሉን ባዩዋት ቁጥር «ይቺን ቤት ማስቀመጥ ነውር ነው፣ ወደ ውድድር አውጧት» ይሉናል። ልጄም ከዚያ ወዲህ አላስቀምጥ ብላኛለች፤ «እማዬ፣ እናስመዝግባት!» ነው ነጋ ጠባ። እኔ ደግሞ የማላውቀው ነገር ውስጥ ከመግባቴ በፊት አመጣጡን ማወቅ እወዳለሁና የውሻ ትርኢትን ታሪክ ማገላበጥ ያዝሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባደግሁበት ሰፈር ውሻ የሚመዘነው በሥራው ነበር። ሌሊት ጅብ ሲመጣ ከጮኸ፣ ዘመድን ከባዳ ከለየ፣ ጫጩት ካልነካ ጥሩ ውሻ ነው፤ ጆሮው ይቁም ይውደቅ ማንም አይጠይቅም። የእንግሊዞቹ ትርኢትም የተነሣው ከሥራ ውሾች ነው። የመጀመሪያው የተደራጀ የውሻ ትርኢት ተብሎ የሚቆጠረው በጁን 1859 በኒውካስል ከተማ አዳራሽ የተካሄደው ነው። የቀረቡት 60 ውሾች ብቻ ሲሆኑ፣ ሁሉም ፖይንተርና ሴተር የሚባሉ፣ ወፍ ያለበትን ለአዳኝ የሚጠቁሙ ነበሩ። ትርኢቱ ራሱ ከዶሮ ኤግዚቢሽን ጋር ተዳብሎ የቀረበ ነው፤ ሽልማቱም የከተማው ጠመንጃ ሠሪ ፔፕ የለገሰው ጠመንጃ። የሚያስቀው ዳኝነቱ ነው። በሴተር ያሸነፈው ውሻ የፖይንተር ዳኛው ንብረት ነበር፤ በፖይንተር ያሸነፈው ደግሞ የሴተር ዳኛው። «እከክልኝ ልከክልህ» እንግሊዝ አገርም አለ ማለት ነው።

እነዚያ ውሾች ግን አዳራሽ ውስጥ ቆመው ታዩ እንጂ አላደኑም። ውሻን በሜዳ፣ በሥራው ላይ እያሉ ማወዳደር የተጀመረው በ1865 ቤድፎርድሺር ውስጥ ሳውዝሂል በተባለ ቦታ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ መንገዶች ተለያዩ፤ አንደኛው ሥራን፣ ሌላኛው መልክን መዳኘት ያዘ። ሕዝቡ የጎረፈው ወደ መልኩ ነው። በባቡር ዘመን ውሻን ከከተማ ከተማ ማጓጓዝ ቀላል ስለነበር ትርኢቱ በየቦታው ፈላ፤ ማጭበርበሩም አብሮ መጣ። አንድ ስም በብዙ ውሾች ላይ ይለጠፋል፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ፣ ከማን እንደተወለደ ማወቅ ያቅታል። ይህን ሥርዓት ለማስያዝ በ1873 ሼርሊ የተባለ የፓርላማ አባልና ባልንጀሮቹ ለንደን ላይ ኬኔል ክለብን መሠረቱ። በማግስቱ ዓመትም የመጀመሪያው የዘር መዝገብ ታተመ። ዛሬ እኛ ሉሉን ስንገዛ የተሰጠን፣ አያት ቅድመ አያቷ የተጻፈበት ወረቀት ከዚያ ሥርዓት የወጣ ነው።

ትርኢቱን ወደ ትልቅ ገበያ የለወጠው ቻርልስ ክራፍት ነው። ሰውዬው የውሻ ብስኩት ሻጭ ነበር፤ ስፕራት በተባለው ድርጅት ተቀጥሮ ውሻ አርቢዎችን በየቤታቸው ሲያዳርስ ማን ምን እንዳለው ጠንቅቆ ዐወቀ። በ1891 በራሱ ስም የጠራውን ትርኢት እስሊንግተን ባለው የግብርና አዳራሽ ከፈተ። ንግሥት ቪክቶሪያም ውሾቿን ላከች፤ የንግሥት ውሻ ካለበት ማን ይቀራል! ክራፍት በ1938 ሞተ፤ ሚስቱ ጥቂት ከያዘችው በኋላ ትርኢቱ ወደ ኬኔል ክለብ ተላለፈ። ከ1991 ጀምሮ በርሚንግሃም ላይ ይካሄዳል።

አሠራሩን ጎረቤቴ አስረድተውኛል። ዳኛው ውሾቹን እርስ በርስ ከማስተያየቱ በፊት እያንዳንዱን ስለ ዘሩ ከተጻፈው መስፈርት ጋር ያስተያየዋል። ትንንሾቹን ጠረጴዛ ላይ አስቁሞ ጥርሳቸውን ያያል፣ ትከሻና ወገባቸውን ይዳስሳል፣ ከዚያ መሬት ላይ ያስኬዳቸዋል። ከየዘሩ አንደኛ የወጣው ከቡድኑ ጋር ይወዳደራል፤ ቡድኖቹ ሰባት ናቸው። የሰባቱ አሸናፊዎች በመጨረሻ ይገጥማሉ። የዚህ ሁሉ ዓላማ ለእርባታ የሚሆነውን መለየት ነው። ያሸነፈ ወንድ ውሻ በየአገሩ ይፈለጋል፤ የሴቷም ቡችሎች ገና ሳይወለዱ ወረፋ ይያዝላቸዋል። ስለዚህ ዳኛው ዛሬ የወደደው አፍንጫ ከጥቂት ትውልድ በኋላ የዘሩ ሁሉ አፍንጫ ይሆናል።

ለዚህ ከሉሉ ዘር የበለጠ ምስክር የለም። በ17ኛው መቶ ዘመን የንጉሥ ቻርልስ 2ኛ ስፓንየሎች አፍንጫቸው ሾጠጥ ያለ ነበር፤ በሥዕል ላይ ይታያል። በቪክቶሪያ ዘመን ግን ድፍጥጥ ያለ ፊት ፋሽን ሆነና የድሮው መልክ ከትርኢት ጠፋ። በ1926 ሮዝዌል ኤልድሪጅ የተባለ አሜሪካዊ ወደ ክራፍት ትርኢት መጥቶ፣ በአሮጌዎቹ ሥዕሎች ላይ ያለውን መልክ ይዞ ለሚቀርብ ውሻ 25 ፓውንድ እሸልማለሁ አለ። አርቢዎቹ መጀመሪያ ሳቁበት፤ ድፍጥጥ ሳይል የተወለደ ቡችላ እንደ ውራጅ የሚቆጠርበት ጊዜ ነበርና። በ1928 ግን አንስ ሰን የተባለ ውሻ ሽልማቱን ወሰደ። ኤልድሪጅ ያን ቀን ሳያይ ሞቷል። በዚያው ዓመት የካቫሊየር ክለብ ተቋቋመ፣ መስፈርቱም በአንስ ሰን አምሳል ተጻፈ፤ በ1945 ኬኔል ክለብ ራሱን የቻለ ዘር ብሎ አወቀው። አንድ ሰው ኪሱ ውስጥ እጁን ከትቶ የጠፋ ፊት መለሰ።

በ1973 አንድ ካቫሊየር የክራፍት ጠቅላላ አሸናፊ ሲሆን ዘሩ በየቤቱ ገባ። ከጥቂት ውሾች የተነሣ ዘር ግን የወረሰውን በሽታም አብሮ ያበዛል። የብዙዎቹ ካቫሊየሮች የልብ ቫልቭ ከዕድሜ ጋር ማፍሰስ ይጀምራል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ የራስ ቅላቸው ለአንጎላቸው ይጠብና በአከርካሪያቸው ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ያሠቃያቸዋል። በ2008 ቢቢሲ ይህን ጉድ በዘጋቢ ፊልም አሳየ፤ በማግስቱ ዓመትም የክራፍትን ትርኢት ማስተላለፉን ተወ። ኬኔል ክለብ መስፈርቶቹን አሻሻለ። በ2012 ለአደጋ የተጋለጡ ናቸው ከተባሉ 15 ዘሮች አንደኛ የወጡትን የእንስሳት ሐኪም እንዲያያቸው አደረገና ስድስቱ ወደቁ። የኖርዌይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ በ2023 ካቫሊየርን እዚያ ሲራባ በነበረው መንገድ ማራባት የእንስሳት ጥበቃ ሕግን ይጥሳል ብሎ ፈረደ።

ይህን ሁሉ ለጎረቤቴ ሳወራቸው አልተቆጡም። «ታዲያ ጤነኞቹ ቤት ከቀሩ ዳኛው ከምን ይምረጥ?» አሉኝ። ነገራቸው እውነት አለው፤ የኤልድሪጅም ታሪክ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። ትርኢቱ የሚቀየረው በሚቀርቡለት ውሾች ነው። ነገር ግን ኤልድሪጅ የመለሰው ፊትን ነው። ፊት በዐይን ይታያል፣ በእጅ ይዳሰሳል። የሉሉን ልብ ዳኛው አያዳምጠውም፤ አንጎሏም በቂ ቦታ ይኑረው አይኑረው ጠረጴዛ ላይ አስቁሞ ማወቅ አይችልም። እሷ ሪባን ይዛ ብትመለስ፣ የሚቀጥለው ስልክ «ቡችላ መቼ ታስወልዷታላችሁ?» የሚል ነው። ያን ጊዜ የሪባኑ ቀለም ስለ ልቧ የሚነግረን አንዳች ነገር የለም።

ልጄን ያስደሰታት መልስ ሌላ ነው። በእንግሊዝ በየሰፈሩ መናፈሻ በበጋ ወራት የሚዘጋጁ ቀላል ትርኢቶች አሉ፤ ዘረ ንጹሕ ሆነ ድቅል ሁሉም ይገባል፣ ምዝገባው በዕለቱ ነው፣ ገቢውም አብዛኛውን ጊዜ ለበጎ አድራጎት ይውላል። ጅራቱን አሳምሮ የሚቆላ ውሻ የሚሸለምበት ምድብ ሳይቀር አለ። በዚያ ያሸነፈች ውሻ ዋንጫዋን ይዛ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ ማንም ቡችላ አይጠይቃትም። ሉሉ ጅራት በመቁላት የምታህላት የለችምና እሱን በዚህ በጋ እንሞክራለን።

ትልቁን ውድድር በተመለከተ ግን ቅደም ተከተሉን ወስኛለሁ። መጀመሪያ የልብ ሐኪም በአልትራሳውንድ ያያታል፤ ቀጥሎ የራስ ቅሏና አከርካሪዋ በኤምአርአይ ይነሣል። ሁለቱም ንጹሕ ከሆኑ ልጄ ማሰሪያውን ይዛ ዳኛው ፊት ታቁማት፤ ጎረቤቴም እንዳሉት እንዲህ ያለች ውሻ እዚያ ታስፈልጋለች። አንዱ እንኳ ከተበላሸ ሉሉ ሶፋችን ላይ ትኖራለች፤ እኛም ዘር አናስወልዳትም። እናንተም በውጭ አገር እንዲህ ያለ ውሻ ገዝታችሁ «መልኳ ለውድድር ነው» የሚል ጎረቤት ካጋጠማችሁ፣ የውድድሩን ቅጽ ከመሙላታችሁ በፊት የሐኪሙን ቀጠሮ ያዙ።