ስሙ ያልተጠራ ዘማች፦ የካቴድራል ጸሎትና የራያ ቆላ ትዝታ



የዛሬውን ንግግሬን ከተወለድሁባት ከሮቢት እጀምራለሁ። ልጅ ሳለሁ አያቴ በማይጨው ለቀሩት አባታቸው ጸሎት ለማስደረግ ወደ ደብሩ ይዘውኝ ሄዱ። ካህኑ «የክርስትና ስማቸው ማን ነበር?» ብለው ጠየቁ። አያቴ ዝም አሉ። አባታቸው ሲዘምቱ ሕፃን ነበሩና የዓለም ስማቸውን እንጂ የክርስትና ስማቸውን አያውቁም።

ይህ ጥያቄ ለወደቀ ሠራዊት የሚደረገውን ጸሎት ጠባይ ያሳያል። መንግሥት ሐውልት ያቆማል፤ ሐውልትም በጅምላ ይናገራል። ፍትሐት ግን በስም ነው፤ ወልደ እገሌ፣ ገብረ እገሌ ተብሎ። ስሙ ያልታወቀ ሙት በሁሉ ጸሎት ውስጥ ይታሰባል እንጂ ለብቻው አይጠራም።

የዓድዋ ጦርነት እሑድ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲደረግ ከጊዮርጊስ ወርኃዊ በዓል ጋር ገጠመ። ከድሉ በኋላ አራዳ ላይ የታነጸው ባለ ስምንት ማዕዘኑ መናገሻ ገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል የዚያ መታሰቢያ ነው፤ ዘማቾቹም በየዓመቱ በዕለቱ በጸሎት ይታሰባሉ። የመንግሥት በዓል በአዋጅ ይመጣል፣ በአዋጅም ይሻራል። ይህኛው ግን ከመነሻው በቤተ ክርስቲያን ቀን ላይ ስለወደቀ ሥሩ ሌላ ነው። ፋሺስቶች በ1929 ዓ.ም. ካቴድራሉን ሲያቃጥሉ ሕንፃውን ጎዱ፤ ቀኑን ግን አላጠፉትም።

ሆኖም በዚያ ጸሎት ማን ይጠራል? የምኒልክ ጦር የተሰባሰበው በወረኢሉ ነው። ራስ ሚካኤልም የወሎን ፈረሰኛ ይዘው ዓድዋ ተሰልፈዋል። እርሳቸው ራሳቸው መሐመድ አሊ ይባሉ የነበሩ፣ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ዘመን የተጠመቁ ሰው ናቸው። ከፈረሰኞቻቸው መካከል ቤተሰቡ ከተጠመቀ ብዙ ያልቆየ፣ እስልምናውን እንደያዘ የዘመተም እንደነበረ መገመት አያስቸግርም። የክርስትና ስም የሌለውን ያን ፈረሰኛ የአራዳው ጸሎት በምን ይጥራው? በሮቢት ለእንዲህ ያለው ሟች ዱዓ የሚያደርጉ ጎረቤቶች ነበሩን። እኛም ቡናቸውን ጠጥተን «አሚን» ብለናል። የታሪክ መጻሕፍቶቻችን ግን ይህን መታሰቢያ አልመዘገቡትም።

በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ ለአርበኞች የተለየ የመቃብር ስፍራ አለ። እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት በ1953 ዓ.ም. ሲያርፉ የተቀበሩት በዚያ ነው፤ ወለተ ክርስቶስ የሚል የክርስትና ስምም ተሰጣቸው። ለኢትዮጵያ በብዕራቸው ተጋድለዋልና ይገባቸዋል። ስም መስጠት ይቻል እንደነበር ግን እዚህ ላይ እናያለን።

ወደ ማይጨው ልመለስ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተደረገው ውጊያ በኋላ ወደ ኮረም ያፈገፈገው ጦር በአሸንጌ ሐይቅ አካባቢ በአውሮፕላን ቦምብና በመርዝ ጋዝ ተፈጀ። ጣሊያን ያስታጠቃቸው የራያና የአዘቦ ሰዎችም ተኮሱበት። እነዚህ ሰዎች ቂም ነበራቸው፤ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ያነሡት አመፅ በኃይል ተደፍጥጧል። የአያቴ አባት በየትኛው እጅ እንደወደቁ አላውቅም፤ ምናልባት በአገራቸው ሰው ጥይት ይሆናል። ይህን በሮቢት ማውራት አይመችም። እኔም በአደባባይ ስናገረው ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። የዘማቾቻችንን ስም ከየደብሩና ከየመስጊዱ አረጋውያን እንሰብስብ ስል፣ ከስሙ ጋር እንዲህ ያለውም ነገር አብሮ እንደሚወጣ አውቄ ነው።

ያን ዕለት ካህኑ መስቀላቸውን ይዘው ጠበቁ። አያቴ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «መምሬ፣ የእኔን የክርስትና ስም ይጥሩና አባቷ ይበሉልኝ» አሉ። ካህኑ ጥቂት አሰቡ፤ ከዚያም እንደዚያው አሉላቸው።