መጀመሪያ ጣቶቹን እዩ

የአክስቴ ልጅ ከፈረስ የወደቀው ከአሰላ ወጣ ባለ ቀበሌ፣ ገብስ በሚታጨድበት ሰሞን ነው። ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። በእጁ ተመርኩዞ ስለወደቀ ክርኑ ወዲያው አበጠ። ወጌሻው መጡ፤ አሹት፣ በቀርከሃ ደግፈው በጨርቅ ጥብቅ አድርገው አሰሩት። ልጁ ሌሊቱን ሲያለቅስ አደረ። «አጥንት ሲገጥም ያማል፣ ቻል» ተባለ። በሦስተኛው ቀን ሲፈታ ጣቶቹ ቀዝቅዘዋል። ዛሬ ጎረምሳ ነው፤ በዚያ እጁ ግን የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አይችልም።

ለዓመታት ወጌሻውን ስረግም ኖሬያለሁ። ታሪኩን ሳነብ ግን ነገሩ እንደዚያ ቀላል አልሆነልኝም።

የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን የአድዋ ቁስለኞችን ሊያክም በ1888 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፣ ወጌሾች በየመንደሩ ስብራት ሲጠግኑ ዘመናት አልፈዋል። ዛሬም ኳስ ሜዳ ላይ ተጫዋች ሲወድቅ ቦርሳ ይዞ የሚሮጠውን ሰው ወጌሻ ነው የምንለው።

ስህተቱም የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1881 ሪቻርድ ፎን ፎልክማን የተባለ ጀርመናዊ ቀዶ ጠጋኝ፣ የተጎዳ ክንዳቸው ጠብቆ ከታሰረ በኋላ ጣቶቻቸው ተኮማትረው ስለቀሩ ሰዎች ጻፈ። ጥፋቱን ያገኘው ማሰሪያው ውስጥ ነው፦ እብጠቱ ይጨምራል፣ ማሰሪያው አይለጠጥም፣ ደም መግቢያ ያጣል፣ ጡንቻው ይሞታል። ራጅ የተገኘው በ1895 ስለሆነ ፎልክማን አጥንቱን ማየት አይችልም ነበር። እጁንና ጣቶቹን ግን ያይ ነበር።

እኛም ቤት ውስጥ ራጅ የለንም። ሆኖም «ተሰብሯል ወይስ ወለም ብሎታል?» እያልን እንከራከራለን። ቀድሞ የሚጠየቀው ሌላ ነው፦ ጣቶቹ ቀዘቀዙ? ገረጡ ወይስ ጠቆሩ? ደነዘዙ? ቀስ ብላችሁ ስታቃኗቸው ሕመሙ ባሰ? ከታሰረ በኋላ ሕመሙ በመቀነስ ፈንታ ጨመረ? አንዱ እንኳ ካለ ማሰሪያውን አላሉና ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት። ደም ያጣ ጡንቻ ስድስት ሰዓት ገደማ ካለፈው ላይድን ይችላል። ክንዱ ከጠመመ ወይም አጥንት ቆዳ ቀዶ ከወጣማ ጥያቄም አያስፈልግም።

ከአክስቴ ቤት አሰላ ሆስፒታል በጋሪና በሚኒባስ ሁለት ሰዓት ነው። ያ ሌሊት አሥራ ሁለት ሰዓት ነበረው። ወጌሻው ጠብቀው አሰሩ፤ ለቅሶውን ትዕግሥት እንደማጣት የቆጠርነው ግን ሁላችንም ነን።

አሁን ጎረቤት ልጅ በወደቀ ቁጥር አክስቴ ቀድማ ትደርሳለች። ክርኑን አትነካም። «ጣቶችህን አንቀሳቅስ እስቲ የኔ ልጅ» ትለዋለች።