‹‹ይግባኝ›› እና ‹‹ሁከት ይወገድልኝ››፦ የመሬትና የቤት ክርክር ቃላት ታሪካዊ አመጣጥ

በፍርድ ቤት ደጃፍ ከሚቀመጥ ራፖር ጸሐፊ ፊት ቀርቦ ‹‹ጎረቤቴ አጥሬን አፍርሶ ድንበሬን ገፋ›› የሚል ባለጉዳይ የሚፈልገው ነገር ለራሱ ግልጽ ነው፤ ቦታው እንዲመለስለት ነው። ጸሐፊው ግን በማመልከቻው አናት ላይ የክሱን ስም መጻፍ አለበት። ‹‹ሁከት ይወገድልኝ›› ብሎ ቢጽፍ አንድ ዓይነት ክርክር ይከፈታል፤ ‹‹የመፋለም ክስ›› ብሎ ቢጽፍ ሌላ። ከሳሹ የሚያቀርበው ማስረጃ፣ ተከሳሹ የሚያነሣው መከላከያና ክሱ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ በዚሁ ስም ይለያያሉ። ስለዚህ የቃል ምርጫ ስሕተት አንዳንድ ጊዜ ቤትና ቦታ እስከ ማሳጣት ይደርሳል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው እነዚህ ቃላት ከየት እንደ መጡ፣ ፍቺያቸው በየዘመኑ እንዴት እንደ ተለወጠ፣ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅና ተርጓሚም ስለ እነርሱ ምን ማወቅ እንደሚገባቸው ነው።

በቅድሚያ ወደ ጥንቱ ችሎት እንመለስ። በቀድሞው ሥርዓት የፍርድ መሠረት የነበሩት ፍትሐ ነገሥትና የአገር ልማድ ናቸው። ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው ምእተ ዓመት በግብጽ በዐረብኛ ከተዘጋጀው የኢብን አል አሳል መድበል ወደ ግዕዝ የተመለሰ ስለሆነ ቋንቋው የሊቃውንት ነበር። ሙግቱ ግን የሚካሄደው በሕዝቡ አንደበት በአማርኛ ነው። ተሟጋቾች በአደባባይ ቆመው ‹‹በላ ልበልሃ›› ይባባሉ ነበር፤ ክርክሩ ሲጠነክርም በውርርድ ‹‹እሰጥ አገባ›› ይገጥሙ ነበር። እነዚህ ሁለት ሐረጎች ኋላ የሙግቱ መጠሪያ ስሞች ሆነዋል። አሠራራቸውን ስንመለከት ግን ስሞች አይደሉም፤ የተሟጋቹ የራሱ ንግግር ናቸው። በመጀመሪያው ‹‹በል›› የሚለው ትእዛዝና ‹‹ልበልህ›› የሚለው የተናጋሪው ቃል ተጣምረዋል፤ በሁለተኛው ‹‹እሰጥ›› እና ‹‹አገባ›› የሚሉ የአንደኛ መደብ ግሶች ጎን ለጎን ቆመዋል።

ይህ አሠራር በሁለቱ ሐረጎች ብቻ የተወሰነ አይደለም። ‹‹አቤቱታ›› የተገኘው ተበዳይ ወደ ዳኛ ወይም ወደ ንጉሥ ከሚያሰማው ‹‹አቤት›› ከሚለው ጩኸት ነው። ‹‹ይግባኝ›› ‹‹ገባ›› ከሚለው ግስ የወጣ የሦስተኛ መደብ ትእዛዝ አንቀጽ ሲሆን የተናጋሪው ተሳቢ አመልካች ‹‹-ኝ›› እስከ ዛሬ አልተለየውም። ዳኛው ‹‹ይግባኙ ተቀባይነት አላገኘም›› ብሎ ሲጽፍ የተረታውን ሰው ቃል እንደ ስም አድርጎ ነው የሚጠቀምበት። ‹‹ይርጋ›› ደግሞ ‹‹ረጋ›› ከሚለው ግስ የመጣ ነው፤ ነገሩ ይርጋ፣ ከእንግዲህ አይናወጥ ማለት ነው። ‹‹ሁከት ይወገድልኝ›› በአሠራሩ ከሁሉም ይልቅ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው፤ በይዞታዬ ላይ የደረሰው መናወጥ ይነሣልኝ የሚል ልመና ነው። እንግዲህ የአማርኛ የሥነ ሥርዓት ቃላት አንድ ትልቅ ክፍል የተወለደው ከዳኛ ወይም ከሕግ አርቃቂ ሳይሆን ከባለጉዳዩ አፍ ነው ማለት እንችላለን። ማንበብና መጻፍ የማይችል፣ ጠበቃም የሌለው ሰው እንኳን እነዚህን ቃላት ሲሰማ የራሱን ጥያቄ ያውቅባቸዋል።

ከሥነ ሥርዓቱ ወደ ክርክሩ ጉዳይ ስንሻገር አራት መሠረታዊ ቃላት እናገኛለን። እነዚህም ርስት፣ ሀብት፣ ንብረትና ይዞታ ናቸው። ‹‹ርስት›› ‹‹ወረሰ›› ከሚለው የግዕዝ ግስ የወጣ ነው፤ መብቱ የሚመሠረተው በትውልድ ሐረግ ስለሆነ የርስት ተሟጋች በመጀመሪያ የሚቆጥረው የአባቶቹን ስም ነው። ‹‹ሀብት›› የወጣው ‹‹ወሀበ›› ማለትም ሰጠ ከሚለው ግስ ነው፤ ጥንተ ትርጉሙ ስጦታ ነው። ‹‹ንብረት›› ‹‹ነበረ›› ማለትም ተቀመጠ፣ ኖረ ከሚለው ይወጣል። ‹‹ይዞታ›› ግን ንጹሕ የአማርኛ ቃል ሲሆን ‹‹ያዘ›› ከሚለው ግስ የመጣ ነው። አንድ ሰው መሬቱ የእኔ ነው ሲል፣ ወረስሁት፣ ተሰጠኝ፣ ኖርሁበት፣ በእጄ ነው ከሚሉት አራት ምክንያቶች አንዱን ወይም ከአንድ በላይ የሆኑትን መጥቀሱ ነው። ቃላቱ ተመሳሳይ ናቸው ብሎ የሚፈታ መዝገበ ቃላት ይህን ልዩነት ይደፍናል።

በጽሑፍ ማስረጃ የመሟገት ልማድ በከተማ እየሰፋ የሄደው በአዲስ አበባ የቦታ ባለቤትነት በዐፄ ምኒልክ ሕግ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ከተደነገገ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ‹‹ካርታ›› የሚለው የውጭ ቃል የቦታውን ሥዕል ብቻ ሳይሆን የመብቱን ማስረጃ ጭምር ማመልከት ጀመረ። ‹‹ካርታ አለኝ›› የሚል ሰው ሥዕል አለኝ ማለቱ አይደለም። ይህን ቃል በቀጥታ የመልክዐ ምድር ካርታ ብሎ የሚተረጉም ሰው የክርክሩን ዋና ማስረጃ ከሰነዱ ውስጥ ያጠፋል።

ትልቁ የቃላት ሥራ የተሠራው ግን በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ረቂቁን ፈረንሳዊው የሕግ ምሁር ሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ አዘጋጁት፤ ከዚያም ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ 3367 አንቀጾች ያሉት ሕግ ሆኖ ታወጀ፤ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮም ጸና። የአማርኛው አዘጋጆች ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ በአውሮፓ ሕግ የተለመደ አንድ ልዩነት ገጠማቸው። ይኸውም ነገሩን በእጅ በመያዝና የነገሩ ባለመብት በመሆን መካከል ያለው ልዩነት ነው። ለመጀመሪያው ‹‹ይዞታ›› የሚለውን፣ ለሁለተኛው ‹‹ባለሀብትነት›› የሚለውን ቃል መደቡ።

ክሶቹም በዚሁ መሠረት ተለዩ። በአንቀጽ 1149 መሠረት ይዞታው የተወሰደበት ወይም ሁከት የተነሣበት ሰው የተወሰደው እንዲመለስለት ወይም ሁከቱ እንዲወገድለት ይጠይቃል። ባለሀብትነቱን ማስረዳት አያስፈልገውም፤ በእጁ እንደ ነበረ ማስረዳት ይበቃዋል። ነገር ግን ክሱን በሁለት ዓመት ውስጥ ማቅረብ አለበት። በአንቀጽ 1206 መሠረት ደግሞ ባለሀብቱ ንብረቱን ያለ አግባብ ከያዘበት ሰው ጋር ይፋለማል። በዚህ ጊዜ ዋናው ጥያቄ ማን ያዘው የሚል ሳይሆን የማን ነው የሚል ነው። እንግዲህ አንደኛውን ክስ ለመሰየም የተወሰደው የለማኝ ቃል ሲሆን ሁለተኛውን ለመሰየም የተወሰደው የጦረኛ ቃል ነው። ‹‹ሁከት ይወገድልኝ›› በሕዝቡ ዘንድ ሥር ሰዶ ሲቀር ‹‹መፋለም›› ከሕግ ባለሙያዎች ክበብ እምብዛም አልወጣም። ምክንያቱ ለእኛ እንደሚታየን ከላይ የገለጽነው ነው፤ የመጀመሪያው ባለጉዳዩ ራሱ የሚናገረው ቃል ነው፤ ሁለተኛው ስለ እርሱ የሚነገር ቃል ነው።

የ1967 ዓ.ም. ሁለት አዋጆች የዚህን የቃላት ሥርዓት መሠረት ለወጡት። አዋጅ ቁጥር 31 የገጠሩን መሬት የሕዝብ ንብረት አደረገ፤ አንድ ቤተ ሰብ የሚይዘው ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። የመሬት ጠብ የሚያዩ የገበሬ ማኅበርና የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ፍርድ ሸንጎዎችም ተቋቋሙ። ‹‹ባለርስት›› እና ‹‹ጭሰኛ›› የታሪክ ቃላት ሆኑ። ‹‹ትርፍ›› ከንግድ ትርጉሙ ወጥቶ ቤትን የሚገልጽ ቅጽል ሆነ። ከሁሉም በላይ ግን የተለወጠው ‹‹ይዞታ›› ነው። መሬት በግል ባለሀብትነት መያዙ ሲቀር ዜጋው በመሬት ላይ ላለው ሕጋዊ መብት መጠሪያ የሆነው ይኸው ቃል ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ስላጸና ይህ አጠቃቀም ቀጥሏል።

ስለሆነም ዛሬ ‹‹ባለይዞታ ነኝ›› የሚል ዐረፍተ ነገር ሁለት ፍቺ አለው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቋንቋ፣ በአግባብም ሆነ ያለ አግባብ ነገሩ በእጄ ነው ማለት ነው። በመሬት አስተዳደር ሕጎች ቋንቋ ደግሞ መንግሥት የሰጠኝና ያረጋገጠልኝ መብት አለኝ ማለት ነው። የመጀመሪያው የሁኔታ፣ ሁለተኛው የመብት ስም ነው። በአንድ የክስ ማመልከቻ ውስጥ ሁለቱ ፍቺዎች ተቀላቅለው ሲገኙ ተከሳሹ በእጁ የያዘውን፣ ከሳሹ ደግሞ በደብተር የያዘውን እየጠቀሱ ሁለቱም ‹‹ይዞታዬ›› ይላሉ። ዳኛው በቅድሚያ መያዝ የሚገባው ጭብጥ የቃሉ ፍቺ ይሆናል።

‹‹ባለሀብት›› የሚለውም ተመሳሳይ ዕድል ገጥሞታል። በሕጉ ቃል አንዲት ጎጆ ያለው ሰውም የጎጆዋ ባለሀብት ነው። በዛሬው አነጋገር ግን ባለሀብት ማለት ገንዘቡን በንግድና በኢንዱስትሪ የሚያውል ባለጸጋ ነው። ሕገ መንግሥቱ ‹‹ባለቤት›› በሚለው ቃል መጠቀሙ ይህን አደናጋሪነት ያስቀራል፤ ሆኖም የ1952ቱ ሕግ ሥራ ላይ እስካለ ድረስ ሁለቱ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ‹‹ሁከት››ም በጋዜጣ ቋንቋ የሕዝብ ረብሻ ማለት ስለሆነ የፍርድ ቤት መዝገብን ወደ ሌላ ቋንቋ የሚመልስ ሰው በሰላማዊ የአጥር ጠብ ውስጥ ዐመፅ እንዳያስገባ መጠንቀቅ አለበት። በ1986 ዓ.ም. በከተማ ቦታ ሕግ የገባው ‹‹ሊዝ›› ደግሞ ‹‹ኪራይ›› ተብሎ ሳይተረጎም ቀርቷል። ኪራይ የወር ቤት ኪራይን ስለሚያሳስብ ለረጅም ዘመን በውል ለሚሰጥ የቦታ መብት የተለየ ስም መፈለጉ ያለ ምክንያት አይደለም።

ባለጉዳዩን የሚረዱትን ሰዎች ስሞችም እናስተውል። ‹‹ጠበቃ›› ከ‹‹ጠበቀ›› የመጣ ሲሆን የሰው መብት ጠባቂ ማለት ነው። ‹‹ነገረ ፈጅ›› ነገር ጨራሽ ማለት ሲሆን በዛሬው አጠቃቀም በተለይ ለመሥሪያ ቤቱ የሚከራከረውን ሠራተኛ ያመለክታል። ሁለቱን በአንድ ቃል የሚተረጉም ሰው የተቀጣሪውንና የነጻውን ባለሙያ ልዩነት ያጠፋል። ገንዘብ የሌለው ሰው የዳኝነት ገንዘብ ሳይከፍል የሚከስበትን ሥርዓት በ1958 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ ደንግጓል፤ በችሎት የሚጠራውም ‹‹በደሃ ደንብ መክሰስ›› በሚል ነው። ዛሬ ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ የዩኒቨርሲቲ ማእከላትና እንደ ኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ያሉ ድርጅቶች አሉ። ይሁንና ብዙ ባለጉዳይ አስቀድሞ የሚደርሰው ከራፖር ጸሐፊው ዘንድ ስለሆነ የክሱ ስም በብዙ መዝገብ ላይ የሚወሰነው በዚያ ነው።

ከዚህ በመነሣት ሦስት አሳቦች እናቀርባለን። አንደኛ፣ ‹‹ይዞታ›› በመዝገበ ቃላት ውስጥ በሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ይፈታ፤ አንዱ በእጅ የመያዝ ሁኔታ፣ ሌላው በመሬት ላይ የተሰጠ መብት ተብሎ ይለይ። የከሣቴ ብርሃን ተሰማ የ1951 ዓ.ም. መዝገበ ቃላትም ሆነ የደስታ ተክለ ወልድ የ1962 ዓ.ም. ሥራ ከ1967ቱ ለውጥ በፊት የታተሙ ስለሆኑ የሁለተኛው ፍቺ ምንጭ ሊሆኑ አይችሉም። ሁለተኛ፣ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የሕግ ትርጉም በበታች ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ ስለሆነና ውሳኔዎቹም በቅጽ እየተጠረዙ ስለሚታተሙ የምሳሌ ዐረፍተ ነገሮች ከእነርሱ ይሰብሰቡ። ሦስተኛ፣ አዲስ የሕግ ቃል የሚፈጥር ሰው እንደ ‹‹ይግባኝ›› እና እንደ ‹‹ይወገድልኝ›› ባለጉዳዩ በራሱ አፍ ሊናገረው የሚችል ቃል አስቀድሞ ይፈልግ። አጥሩ የፈረሰበት ሰው ማመልከቻው ሲነበብለት የራሱን አቤቱታ ሊያውቀው ይገባል።