ሙሌቱ ሳይገባ የሚወሰን ዕድሜ፦ ራበር ዳምና ማትሪክስ እንደ አንድ ሥራ

በሁለት መንጋጋ ጥርሶች መካከል የተሠራ የኮምፖዚት ሙሌት ሲበላሽ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በዕቃው ላይ ይላከካል፤ ኮምፖዚት እንደ አማልጋም አይበረክትም ይባልና ነገሩ በዚያው ይዘጋል። ታካሚው ግን የሚያማርረው በሌላ ቋንቋ ነው። ሥጋ በበላ ቁጥር ይገባበታል፣ ስቴኪኒ ከኪሱ አይለይም፣ ቀዝቃዛ ውኃ ይጠዘጥዘዋል። ሙሌቱ ከላይ ሲያዩት ደህና ነው፤ የጠቆረውና የተቦረቦረው ከሥር፣ ከድዱ በኩል ነው። ይህ መጣጥፍ የሚሟገተው የእንዲህ ዓይነት ሙሌት ዕድሜ በአብዛኛው የሚወሰነው ኮምፖዚቱ ከመግባቱ በፊት ነው በማለት ነው፤ ጥርሱ ከምራቅና ከደም በሚለይበትና የጠፋው ግድግዳ በማትሪክስ፣ ማለትም ሙሌቱን በሚቀርጽ ጥብጣብ፣ በሚተካበት ሰዓት። ሁለቱ ክንውኖች በመማሪያ መጻሕፍት በተለያየ ምዕራፍ ቢቀመጡም በአፍ ውስጥ ግን አንድ ሥራ ናቸው።

ታሪካቸውም ይህንኑ ያሳያል። የኒው ዮርኩ የጥርስ ሐኪም ሳንፎርድ ባርነም ራበር ዳም የሚባለውን ቀጭን የጎማ ሉህ በስቶ በጥርስ ላይ ያጠለቀው በ1864 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ሉዊስ ጃክ የማትሪክስን ሐሳብ ያቀረበው ከሰባት ዓመት በኋላ በ1871 ነው። የዘመኑ ምርጥ የሙሌት ዕቃ የወርቅ ቅጠል ነበር፤ ወርቅ በወርቅ ላይ እየተቀጠቀጠ የሚጣበቀው ደግሞ ፍጹም ደረቅ ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ ራበር ዳም የቅንጦት ዕቃ ሆኖ አልተወለደም፤ እርጥበትን ጨርሶ የማይታገሥ ዕቃ የወለደው መሣሪያ ነው። አማልጋም ሲነግሥ ግን ሐኪሙ ላላ ማለት ቻለ። አማልጋም እርጥበትን ይወዳል ማለት አይደለም፤ ዚንክ ያለበት ዓይነት ሳይጠነክር እርጥበት ከነካው ከቀናት በኋላ ያብጣል። ይሁን እንጂ ጥርስን የሚይዘው በጉድጓዱ ቅርጽ እንጂ በማጣበቂያ ስላልሆነ፣ የዝገቱም ውጤት ጠርዙን ቀስ በቀስ ስለሚደፍነው፣ ብዙ ስሕተት ይሸፍን ነበር። ኮምፖዚት ወደ ወርቁ ዘመን ጥብቅነት መልሶናል፤ የእጃችን ልማድ ግን አማልጋም ዘመን ላይ የቀረ ይመስላል።

ኮምፖዚት እርጥበትን የማይታገሠው ለምንድን ነው? ማይክል ቡኖኮር በ1955 ያሳየው ኢናሜል በፎስፎሪክ አሲድ ሲታጠብ ሬዚን የሚይዝበት ገጽ እንደሚያገኝ ነው። ዛሬ በአብዛኛው 37 በመቶ ገደማ የሆነው አሲድ ጥቃቅን ቀዳዳዎችን ይከፍታል፤ ማጣበቂያው (ቦንዲንጉ) ወደ እነዚያ ሰርጎ ሲጠነክር ሥር ይሰዳል። ታጥቦና ደርቆ እንደ ኖራ የነጣው ኢናሜል ምራቅ ሲነካው በምራቁ ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖች ቀዳዳዎቹን ወዲያው ይለብጧቸዋል። ከዚያ በአየር ማድረቅ ብቻ አይበቃም፤ ውኃው ይሄዳል፣ ልባጩ ይቀራል፣ አሲዱም መደገም አለበት። የሚታይ ምራቅ ባይኖርም የትንፋሽ እርጥበት አለ፤ ያልተጋረደ አፍ ውስጥ ያለው አየር በእርጥበት የተሞላ ነው። በደንብ የተገጠመ ራበር ዳም ጥርሱን ከዚያ አውጥቶ ወደ ክፍሉ አየር ያመጣዋል። ገጠማው ላይ የሚዘነጋ አንድ ትንሽ ነገር አለ። ሉሁ በጥርሱ አንገት ዙሪያ በመቀመጡ ብቻ አይዘጋም፤ የቀዳዳው ከንፈር በቀጭን መሣሪያ ጫፍና በአየር እየታገዘ ወደ ድዱ ኪስ መታጠፍ አለበት። ከንፈሩ ወደ ላይ ተገልብጦ የቀረ እንደሆነ ዳሙ ምራቅ ያቁራል እንጂ አያግድም።

አሁን ወደ ማትሪክሱ እንሂድ፤ ክርክሩ የሚጠነክረው እዚህ ነው። በአማልጋም ዘመን የጠፋው ግድግዳ የሚሠራው ጥርሱን በሚዞር የብረት ጥብጣብ ነበር፤ ቤንጃሚን ቶፍልማየር በ1940ዎቹ ያወጣው ማጥበቂያ እስከ ዛሬ በየመሳቢያው ይገኛል። የጥብጣቡ ውፍረት 0.04 ወይም 0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥብጣቡ ሲወጣ በሁለቱ ጥርሶች መካከል የሚቀረው ክፍተትም ያንኑ ያህል ነው። አማልጋም በብርቱ ስለሚጠቀጠቅ ጥብጣቡን እየገፋ ከጎረቤት ጥርስ ጋር ያላትመዋል። ኮምፖዚት ግን አይገፋም፤ ልስልስ ሆኖ ጥብጣቡ የሰጠውን ቅርጽ ይዞ በብርሃን ይጠነክራል። ቀጥ ያለ ጥብጣብ ከተጠቀሙ ቀጥ ያለ ግድግዳ ይወጣል፦ ሆድ የለሽ፣ ጎረቤቱን ወይ የማይነካ ወይ ጫፉ ላይ ብቻ የሚነካ። ስቴኪኒው ከኪስ የማይለየው በዚህ ምክንያት ነው። በኔዘርላንድስ እነ ሎማንስ በ2006 ባወጡት ክሊኒካዊ ሙከራ ቀድሞ የጎበጠ ከፊል ማትሪክስ ከመለያያ ቀለበት ጋር ሲሠራ ንክኪው ጥርሱን ከሚዞረው ጥብጣብ ይልቅ ጠበቅ ብሎ ተገኝቷል። ቀለበቱ ሁለቱን ጥርሶች እንደ ሞላ ቀስ ብሎ ያለያያል፤ ሲነሣ ጥርሶቹ ወደ ቦታቸው ይመለሱና የጥብጣቡን ውፍረት ያህል የነበረውን ክፍተት ይዘጉታል። የጥርስ ክር ሲያልፍ ጠቅ ማለት ያለበት ከዚህ በኋላ ነው።

ሁለቱ ሥራዎች የሚገናኙት በጥርሶቹ መካከል በምትሰካው ትንሽ የእንጨት ሽብልቅ ላይ ነው። ሽብልቅ ሦስት ነገር ትሠራለች፦ ጥብጣቡን ከጉድጓዱ የታችኛው ጠርዝ ጋር ታጣብቃለች፣ ጥርሶቹን ጥቂት ታለያያለች፣ ድዱን ወደ ታች ትገፋለች። ዳም በሌለበት ቦታ ይህች ቁራጭ እንጨት በቀጥታ በተቆጣ ድድ ላይ ትሰካለች፤ ድዱ ይደማል፤ ደሙ ደግሞ ከየትም ሳይሆን በጥብጣቡና በጠርዙ መካከል፣ ቦንዲንጉ የግድ መያዝ ባለበት ቦታ ይመጣል። ያ ጠርዝ አስቀድሞም ደካማ ነው፤ ኢናሜሉ እዚያ ቀጥኗል፣ አንዳንዴም የለም፣ የመብራቱም ብርሃን ከሩቅ ነው የሚደርሰው። ዳሙ ቀድሞ ከገባ ድዱን ሸፍኖ ይጫነዋል፣ ሽብልቋም በጎማው ላይ ተንሸራታ ትገባለች። ስለዚህ «ማትሪክሴ ጥሩ ነው፣ ዳም አያስፈልገኝም» የሚል ሐኪም እንዲሁም «ዳም አድርጌያለሁ» ብሎ ቀጥ ባለ ጥብጣብ የሚሠራ ሐኪም የአንዱን ሥራ ግማሽ ግማሽ ትተውታል።

ብርቱው ተቃውሞ ከማስረጃ በኩል ይመጣል። የኮክሬን ተቋም ራበር ዳምን በተመለከተ በ2016 ያወጣውና በ2021 ያደሰው ግምገማ ዳም ከጥጥ ጥቅል ይልቅ የሙሌትን ዕድሜ ሊያረዝም እንደሚችል ቢያመለክትም የማስረጃውን እርግጠኝነት ዝቅተኛ ብሎታል፤ የስድስት ወሩ ስሌት ያረፈው በ192 ሰዎች ላይ ብቻ ነው። እነ ራስኪን በ2000 ያሳተሙት የ10 ዓመት ክትትል ደግሞ በመንጋጋ ኮምፖዚቶች ላይ በዳምና በጥጥ መካከል ጉልህ ልዩነት አላገኘም። ይህን ማድበስበስ አይገባም። ነገር ግን ውጤቱ የሚነግረን ጥጥም ቢሆን በሰለጠነ እጅና በጥብቅ ቁጥጥር ሲያዝ ጥርስን ሊያደርቅ እንደሚችል ነው እንጂ መድረቅ አያስፈልግም የሚል አይደለም። ጥጥ የሚሠራው ሳክሽን ይዞ ዓይኑን ከጥርሱ የማያነሣ ረዳት ካለ፣ ጥጡ ሳይረጥብ ከተለወጠ፣ ታካሚውም «ልትፋ» ብሎ ካልተነሣ ነው። በሌላ ወገን ያለው ማስረጃ ሁኔታው ሲከፋ ምን እንደሚሆን ያሳያል። በኬንያ 559 ሕፃናት በተሳተፉበትና በወተት መንጋጋዎች ጎን በተሠሩ የግላስ አዮኖመር ሙሌቶች ላይ በተደረገ ሙከራ ዳም የሙሌቱን የመበላሸት አደጋ በሁለት ዓመት ውስጥ በ20 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ይህም አንድ ሙከራ ነው፤ የኮክሬን ገምጋሚዎች እርግጠኝነቱን እጅግ ዝቅተኛ ብለውታል።

ከዚሁ ጋር ያለ መሰርሰሪያ፣ በእጅ መሣሪያና በግላስ አዮኖመር የሚሠራውን ዘዴ ማየት ይጠቅማል፤ በ1980ዎቹ በታንዛኒያ የተጀመረ፣ ለክሊኒክ አልባ መንደር የታሰበ ነው። በ2012 የወጣ የጥናቶች ድምር ትንተና በወተት ጥርስ ላይ አንድ ገጽ ብቻ የነኩ ሙሌቶች ከሁለት ዓመት በኋላ 93 በመቶ ያህሉ ሲቆዩ፣ ከአንድ ገጽ በላይ የነኩት ግን 62 በመቶ ገደማ ብቻ መቆየታቸውን አሳየ። ዕቃው አንድ፣ ዘዴው አንድ ነው። ለልዩነቱ ብዙ ምክንያት አለ፤ የሚያኝከው ጥርስ ጫናና የግላስ አዮኖመር ስብራት ከእነዚህ ናቸው። ግን ግድግዳ ሲጠፋ ድዱ፣ ምራቁና ንክኪው ሁሉም አብረው ወደ ሥራው ይገባሉ።

ሌላው ተቃውሞ የአቅም ነው፦ ሠራተኛ በጎደለበት፣ ወረፋ በረዘመበት ክሊኒክ ዳም የት ይገኛል ይባላል። በእኔ ግምት አመክንዮው የተገለበጠ ነው። ጥጥ ሁለተኛ ሰው ይፈልጋል፤ ዳም ግን አንዴ ከተገጠመ በኋላ ከንፈርን፣ ምላስንና ጉንጭን ብቻውን ይይዛል። አራት እጅ ያለው ክሊኒክ ያለ ዳም ሊወጣው ይችል ይሆናል፤ ሁለት እጅ ብቻ ያለው ግን ሦስተኛ እጁ ዳሙ ነው። ሉሁ አንዴ አገልግሎ ይጣላል፣ ሉሁን በጥርሱ ላይ የሚይዘው መቆንጠጫ (ክላምፕ) ግን በአውቶክሌቭ ከጀርም እየጸዳ ይመላለሳል፤ ክላምፑን ከማስገባት በፊት ክር ማሰርም ወደ ጉሮሮ እንዳይገባ ይጠብቃል። ለላቴክስ አለርጂ ያለበት ታካሚ ላቴክስ አልባ ሉህ አለለት። አፍንጫው የተደፈነ ወይም ፊቱ ሲሸፈን የሚጨንቀው ሰው ግን በእርግጥ ይኖራል፤ ጠርዙ ከድድ በታች ጠልቆ የገባ ጥርስም ዳሙን ያስቸግራል። በእንዲህ ያለ ጊዜ አንዳንዶች የቧንቧ ሠራተኛ የሚጠቀምበትን ነጭ የቴፍሎን ጥብጣብ በሽብልቋና በማትሪክሱ መካከል እየጠቀጠቁ ክፍተቱን ይደፍናሉ፤ እንዲያም ሆኖ ደሙ ካልቆመ ጠርዙን አስቀድሞ ማውጣት ወይም ሌላ ዕቃ መምረጥ ይሻላል።

ይህ ሁሉ የሚለካው ሲመዘገብ ነው። በታካሚው ካርድ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰፍረው የጥርሱ ቁጥር፣ የተሞላው ገጽና የኮምፖዚቱ ቀለም፣ ለምሳሌ ኤ2፣ ነው። ዳም ይግባ ጥጥ፣ ጥብጣቡ የሚዞር ይሁን የጎበጠ፣ ጠርዙ ኢናሜል ላይ ይቁም ዴንቲን፣ ሽብልቋ ስትገባ ድዱ ይድማ አይድማ አይጻፍም፤ ሙሌቱ ከሦስት ዓመት በኋላ ተበላሽቶ ሲመጣ ሊጠየቅ የሚችለው የተመዘገበው ቀለም ብቻ ይሆናል።