ርቀቱ ከየት ይለካል? የ«ሪዩ ጋ ጎቶኩ» ቅርንጫፍ ጨዋታዎችና የተርጓሚ ደጋፊዎቻቸው ታሪክ (እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2023)

1. መግቢያ

እ.ኤ.አ. በማርች 2008 ሴጋ የተባለው የጃፓን ኩባንያ «ሪዩ ጋ ጎቶኩ ኬንዛን!» የተሰኘ የቪዲዮ ጨዋታ በጃፓን ለገበያ አቀረበ። የጨዋታው ታሪክ የሚፈጸመው በ1605 በኪዮቶ ከተማ በጊዮን ሰፈር ሲሆን፣ ባለታሪኩም ስመ ጥሩ ጎራዴኛ ሚያሞቶ ሙሳሺ ነው። ይህ ሥራ ይፋዊ የእንግሊዝኛ ትርጉም አላገኘም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2014 የወጣው ተከታዩ «ሪዩ ጋ ጎቶኩ ኢሺን!» ደግሞ በእንግሊዝኛ ለመነበብ የበቃው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ እንደገና ተሠርቶ በ2023 ሲወጣ ነው።

ሁለቱም «ሪዩ ጋ ጎቶኩ» («እንደ ዘንዶ» ማለት ነው) የተባለው ዋና ተከታታይ ቅርንጫፎች ናቸው። «ቅርንጫፍ» ስንል ከዋናው ታሪክ ተነጥሎ፣ በሌላ ባለታሪክ ወይም በሌላ ዘመን ላይ ተመሥርቶ የተሠራውን ማለታችን ነው። ቅርንጫፍ በአንድ ሥራ ዳርቻ ላይ የሚበቅል በመሆኑ፣ ትርጉም የት ላይ እንደሚቆም ከግንዱ ይልቅ አጥርቶ ያሳያል። ይህ ጽሑፍ የእነዚህን ቅርንጫፎችና የደጋፊዎቻቸውን ታሪክ ከቋንቋ አንጻር ይተርካል። የሚያቀርበውም ሐሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም «ለመተርጎም እጅግ ጃፓናዊ ነው» ሲባል የኖረው ርቀት ከእንግሊዝኛ ተነሥቶ የተለካ እንጂ በራሱ በጽሑፉ ውስጥ ያለ ባሕርይ አለመሆኑ ነው።

2. የግንዱ አካሄድ

ዋናው ተከታታይ በጃፓን የጀመረው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2005 ለፕሌይስቴሽን 2 በቀረበው የመጀመሪያ ክፍል ነው። ታሪኩ የቶኪዮን የካቡኪቾ ሰፈር አስመስሎ በተሠራው ካሙሮቾ በተባለ ምናባዊ ሰፈር ውስጥ፣ ኪርዩ ካዙማ የተባለን የወንበዴ ማኅበር አባል ይከተላል። በ2006 «ያኩዛ» በሚል ስም ወደ ምዕራቡ ዓለም ሲሻገር የጃፓን ተዋንያን ድምፅ ተነሥቶ በእንግሊዝኛ ድምፅ ተተካ። ማርክ ሃሚልንና ማይክል ማድሰንን የመሳሰሉ የታወቁ ተዋንያን ቢሳተፉበትም፣ የደጋፊዎች አቀባበል የቀዘቀዘ ነበር። ሁለተኛው ክፍል በ2008 ወደ አሜሪካ ሲደርስ የጃፓንኛው ድምፅ ሳይነካ፣ ከሥሩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ ተጨመረለት።

ሦስተኛው ክፍል በ2010 በእንግሊዝኛ ሲወጣ ሌላ ጥያቄ ተነሣ። የማኅጆንግና የሾጊ ጨዋታዎች፣ የጥያቄና መልስ ውድድሩ፣ እንዲሁም የአስተናጋጅ ሴቶች መጠጥ ቤቶች ተቆርጠው ቀርተው ነበር። ደጋፊዎች አጥብቀው የተቃወሙትም የተቆረጠው ክፍል ለታሪኩ አስፈላጊ ስለሆነ ብቻ አልነበረም፤ ምን ሊገባቸው እንደሚችልና እንደማይችል ሌላ ሰው አስቀድሞ ስለወሰነባቸው ጭምር ነው። ይህ ክፍል ከዓመታት በኋላ ታድሶ በ2019 ሲቀርብ ከተቆረጠው አብዛኛው ተመልሷል፤ ትርጉሙም እንደ አዲስ ተሠርቷል።

ግንዱ በዚህ ሁኔታ እየተንገዳገደም ቢሆን ሲሻገር ቅርንጫፎቹ ግን በጃፓን ቀሩ። ስለ «ኬንዛን!» እና «ኢሺን!» ዘወትር ይጠቀስ የነበረው ምክንያት የታሪክ ዕውቀት መጠየቃቸውና ብዙ የጥንት ቃላት መያዛቸው ነው። በ2010 እና በ2012 ለፕሌይስቴሽን ፖርተብል የወጡት ሁለቱ የ«ኩሮህዮ» («ጥቁር ግስላ») ክፍሎችም ይፋዊ የእንግሊዝኛ ትርጉም አልተሠራላቸውም።

3. የደጋፊዎች እጅ

የፕሌይስቴሽን 3 ጨዋታዎች በአብዛኛው በአንድ ክፍለ ዓለም መሣሪያ ላይ ብቻ እንዲሠሩ አልተቆለፉም ነበር። ስለዚህ «ኬንዛን!»ን ከጃፓን ያስመጣ ሰው ሊጫወተው ይችላል፤ ሊያነበው ግን አይችልም። የደጋፊዎች ትርጉም የተወለደው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

ሥራው በሦስት ደረጃ ሊታይ ይችላል። የመጀመሪያው ረዳት ጽሑፍ ነው፤ የትእዛዝ ዝርዝሮችን ፍቺና የታሪኩን ቅንጭብ የያዘ፣ ተጫዋቹ ከማያው ጎን ከፍቶ የሚከተለው መመሪያ። ሁለተኛው የጨዋታውን የተውኔት ትዕይንቶች ቀርጾ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከሥር መጨመር ነው። ሦስተኛውና ከባዱ በራሱ በጨዋታው ፋይል ውስጥ ገብቶ የጃፓንኛውን ጽሑፍ በእንግሊዝኛ መተካት ሲሆን፣ «ኩሮህዮ» የዚህ ዓይነት ትርጉም ደርሶታል።

ለቋንቋ ተመራማሪ ትኩረት የሚስበው የእነዚህ ሰዎች ልማድ ነው። ደጋፊ ተርጓሚ የሚጽፈው ለመማር ለቋመጠ አንባቢ ነውና፣ ባዕድ ቃል ሲያጋጥመው ከመሰወር ይልቅ እንዳለ አስቀምጦ ማብራሪያ ማከልን ይመርጣል። ማጂማ ጎሮ የተባለው ገጸ ባሕርይ ባላንጣውን «ኪርዩ-ቻን» እያለ ሲጠራው፣ «ቻን» የሚለው የቁልምጫ ቅጥያ በዚያ አስፈሪ ሰው አንደበት ውስጥ ፌዝንም ፍቅርንም እንደሚሸከም ደጋፊዎች ተረድተው ነበር። ቅጥያው ቢወድቅ ገጸ ባሕርዩ ግማሽ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ይህ ሥራ ደካማ መሠረት አለው። የባለመብቱ ፈቃድ የለውም፤ የሚያስቀምጠው ቤተ መጻሕፍትም ሆነ ቤተ መዛግብት የለም። የተቀመጠበት ቦታ ሲዘጋ የዓመታት የትርጉም ውሳኔ አብሮ ይጠፋል። የትርጉም ታሪክን የሚያጠና ሰው ነገ የሚፈልገው ማስረጃ ዛሬ በዚህ ሁኔታ ላይ ይገኛል።

4. «ጃጅመንት»፦ ለአንድ ትዕይንት ሁለት ጽሑፍ

በዲሴምበር 2018 በጃፓን «ጃጅ አይዝ» ተብሎ፣ በጁን 2019 ደግሞ በምዕራቡ ዓለም «ጃጅመንት» በሚል ስም የወጣው ቅርንጫፍ የዚህ ታሪክ መታጠፊያ ነው። ባለታሪኩ ያጋሚ ታካዩኪ ጥብቅናውን ትቶ የግል መርማሪ የሆነ ሰው ነው፤ ገጽታውንና ድምፁን የሰጠውም በጃፓን እጅግ ዝነኛ የሆነው ተዋናይ ኪሙራ ታኩያ ነው። ሥፍራው ያው ካሙሮቾ ቢሆንም፣ ሰፈሩ በወንበዴው ሳይሆን በመርማሪው ዓይን ይታያል።

ለዚህ ጨዋታ ሴጋ፣ ከ2006ቱ የመጀመሪያ ክፍል ወዲህ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ተትቶ የነበረውን የእንግሊዝኛ ድምፅ መለሰ፤ ግን የጃፓንኛውን ሳያጠፋ ነው። ከዚያም በላይ ሁለት የተለያዩ የእንግሊዝኛ ጽሑፎች ተዘጋጁ። አንደኛው ጃፓንኛውን ለሚያዳምጥ ሰው ወደ ምንጩ ቀርቦ የተጻፈ ሲሆን፣ ሁለተኛው የእንግሊዝኛ ተዋንያኑ የሚናገሩትን ይከተላል። ጆሮው የመጠሪያ ቅጥያዎችን እየሰማ ዓይኑ ሌላ ነገር እንዲያነብ የሚገደደው አንባቢ ቅሬታ በዚህ መልስ አገኘ። የአማርኛ ተመልካች ቃና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2016 የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ከጀመረ ወዲህ የድምፅ ተተኪነትን ጥቅምና ጉዳት ሲከራከርበት ቆይቷል። የ«ጃጅመንት» አዘጋጆች ግን ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግዴታ አለመሆኑን አሳዩ።

ተከታዩ «ሎስት ጃጅመንት» በሴፕቴምበር 2021 በጃፓንና በሌላው ዓለም በአንድ ቀን ወጣ። አንድ ቅርንጫፍ በጃፓን ብቻ ከቀረ ከ13 ዓመት በኋላ፣ ሌላ ቅርንጫፍ የቋንቋ ወረፋ ሳይጠብቅ ለሁሉም እኩል ደረሰ።

5. የ«ኢሺን» መመለስ

«ኢሺን» «ተሐድሶ» ማለት ሲሆን፣ በ1868 የተካሄደውን የሜጂ ለውጥ ያመለክታል። ባለታሪኩ ሳካሞቶ ሪዮማ ከቶሳ ግዛት የተነሣ፣ በ1867 የተገደለ እውነተኛ ሰው ነው። ጨዋታው ሪዮማን ሳይቶ ሃጂሜ በሚል የተዋሰ ስም ሺንሴንጉሚ ወደተባለው ጦር አስገብቶ ያልተፈጸመ ታሪክ ይፈጥራል። የሪዮማ ምስል በጃፓናውያን አእምሮ ከቶሳ ዘዬ፣ በተለይም «ዜዮ» ከሚለው የዐረፍተ ነገር መዝጊያ ጋር ተጣብቋል። ስሙን የሰወረ ሰው በዘዬው እንዳይታወቅ መጠንቀቅ እንዳለበት የትኛውም ዘዬ ተናጋሪ ያውቀዋል።

በፌብሩዋሪ 2023 «ላይክ ኤ ድራጎን፦ ኢሺን!» ተብሎ እንደገና የተሠራው ጨዋታ በዓለም ዙሪያ ወጣ። በመካከሉ ብዙ ነገር ተለውጦ ነበር። በ2017 በእንግሊዝኛ የወጣው «ያኩዛ 0» አዲስ አንባቢ አፍርቷል፤ በ2020 የወጣው የአሜሪካውያን ሥራ «ጎስት ኦቭ ሱሺማ» ደግሞ የሳሙራይ ዘመን ታሪክ በዓለም ገበያ እንቅፋት አለመሆኑን አሳይቷል። አዲሱ «ኢሺን!» የእንግሊዝኛ ድምፅ አልተሰጠውም። ተጫዋቹ ግን በንግግሩ መካከል የሚያጋጥሙትን የታሪክ ቃላት ፍቺ ከጨዋታው ሳይወጣ እንዲያይ መዝገበ ቃላት ተካቶለታል። ይህ ደጋፊዎች ለዓመታት ያለ ፈቃድ ይሠሩት የነበረው የማብራሪያ ልማድ ይፋዊ ቦታ ያገኘበት ነው ሊባል ይችላል።

አቀባበሉ አንድ ወጥ አልነበረም። የቀድሞውን ሥራ የሚያውቁ ደጋፊዎች አንዳንድ ሚናዎች በኋለኞቹ ክፍሎች ለታወቁ ገጸ ባሕርያት መሰጠታቸውን ነቅፈዋል፤ አዲሶቹ አንባቢዎች ደግሞ የሚያውቁትን ፊት በሌላ ዘመን በማግኘታቸው ተደስተዋል። ክርክሩ ራሱ የሚጠቁመው ነገር አለ። የ2014ቱን ሥራ አንድም ይፋዊ የእንግሊዝኛ ቃል ሳይኖረው ጠንቅቀው የሚያውቁ፣ እንደ ራሳቸው ቅርስም የሚከላከሉለት አንባቢዎች ከጃፓን ውጭ ነበሩ።

6. ርቀቱ ከአማርኛ ሲለካ

የእነዚህ ጨዋታዎች ማኅበራዊ ዓለም የተገነባው በመጠሪያ ነው። የማኅበሩ አለቃ «ኦያጂ» (አባት)፣ ቀዳሚው አባል «አኒኪ» (ታላቅ ወንድም) ይባላል፤ ዝምድናው የሚመሠረተውም ጽዋ በመጋራት ሥርዓት ነው። እንግሊዝኛ ይህንን ሲያገኝ ወይ «አለቃ» ብሎ ያሳጥረዋል፣ ወይም ቃሉን እንዳለ ወስዶ ማብራሪያ ይጨምርበታል። የአማርኛ ተናጋሪ ግን ያለ ሥጋ የሚፈጠርን ዝምድና ከአበልጅና ከጡት ልጅ ያውቀዋል፤ የኦሮሞ ጉዲፈቻም ለአገሩ ሰው ባዕድ አይደለም። ሥርዓቶቹ አንድ ናቸው ማለት አይደለም፤ የአበልጅነት መሠረት ጥምቀት ነው፣ የዚያኛው ጽዋ። ሆኖም «አባት» የሚለው ቃል በሥርዓት ለተገኘ ሰው ሲውል ለአማርኛ አንባቢ ማስታወሻ አያስፈልገውም። «ጋሼ» ብሎ መጥራት ምን ያህል አክብሮትና ምን ያህል ቅርበት እንደሚይዝም እንዲሁ።

በተውላጠ ስም ረገድ ልዩነቱ ይሰፋል። በጃፓንኛው ታዛዥ የነበረ ሰው የአክብሮት ግሡን ጥሎ «ኦማኤ» ያለ ዕለት ጠብ ተጀምሯል። በእንግሊዝኛ ይህ ቅጽበት ወይ በስድብ ይካካሳል፣ ወይም ይጠፋል። አማርኛ «አንቱታ» የሚል ስም እስከማውጣት ድረስ የሚያስብበት ጉዳይ ነው፤ ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» መውረድ ሌላ ቃል ሳይጨመር መድረኩን ይለውጣል። «ቻን» የተባለው ቅጥያም «ወንድምዬ» ላይ እንደሚሰማው የ«-ዬ» ቁልምጫ ያለ ዘመድ አለው፤ ይህም ቅጥያ ለማሽሟጠጥ ሲውል እንሰማዋለን።

ችግር የሚገጥመን በሌላ በኩል ነው። ለቶሳ ዘዬ የጎጃምን ወይም የወሎን አነጋገር ብንተካ፣ አንባቢው ስለነዚያ አካባቢዎች የያዘውን ቅድመ ግምት ሁሉ ሪዮማ ላይ ይጭንበታል። በዚህ ጉዳይ የአማርኛ ተርጓሚም እንደ እንግሊዝኛው ይቸገራል።

ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ነገር ነው። የእስያ ሥራዎች በእንግሊዝኛ በኩል ወደ እኛ ቋንቋዎች ሲተረጎሙ፣ ሦስተኛው ቋንቋ መጀመሪያም ሊሸከመው ይችል የነበረውን ልዩነት በመካከለኛው ቋንቋ ውስጥ ያጣል። ተርጓሚውም አንድ ነጠላ የእንግሊዝኛ ተውላጠ ስም ይዞ «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ» ወይስ «እናንተ» የሚለውን በግምት እንዲሞላ ይገደዳል። ምንጩ ግን አክብሮቱን አስቀድሞ ለይቶት ነበር።

7. ማጠቃለያ

ከ«ኬንዛን!» እስከ አዲሱ «ኢሺን!» ባሉት 15 ዓመታት ውስጥ የጃፓን ታሪክም ሆነ የቶሳ ዘዬ አልቀለለም። የተለወጠው አንባቢው ሊሸከም ይችላል ተብሎ የሚገመተው ነው፤ ግምቱን ካስለወጡትም መካከል ያለ ክፍያና ያለ ፈቃድ የተረጎሙ ደጋፊዎች ይገኙበታል። የቀጣናችን ቋንቋዎች በእነዚህ ኩባንያዎች የትርጉም ዝርዝር ውስጥ ስማቸው የለም። ይህ የገበያ ፍርድ ነው፤ ስለ ቋንቋዎቹ አቅም የሚናገረው ነገር የለውም። አቅሙን መመርመር የሚጀምረው ርቀትን ከራስ ቋንቋ ተነሥቶ በመለካት ሲሆን፣ በሶማልኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛና በስዋሂሊ ተመሳሳይ ልኬት ቢሠራ የየራሱን ቅርብና ሩቅ ያወጣል።