ጣሪያውን ያጣው ቅዱስ ሉቃስ

በለንደን ኦልድ ስትሪት አጠገብ የሚገኘው የቅዱስ ሉቃስ ቤተ ክርስቲያን ታንጾ ያለቀው በ1733 እ.ኤ.አ. ነው። የግንቡ ጫፍ ሽቅብ የሾለ ሐውልት ይመስላል።

መሬቱ ግን ከዳው። ሕንፃው እየሰመጠ፣ ግድግዳው እየተሰነጠቀ ሄደ፤ በ1959 ተዘጋ፣ ጣሪያውም ተነሣ። የኦርጋኑ ማቀፊያና የጥምቀት ገንዳው ወደ ቅዱስ ጃይልስ ቤተ ክርስቲያን ተወሰዱ። 40 ዓመት ያህል ዝናብ ወረደበት፤ ውስጡም ዛፍ በቀለ።

በ2003 የለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ የሙዚቃ ትምህርት ማዕከል አድርጎ ከፈተው። አዲሱን ጣሪያ የተሸከሙት እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተዘረጉ የብረት ምሰሶዎች ናቸው። ኦርኬስትራውን ከሁሉ የሚያስመሰግነው ግን የቆሰለውን የጡብ ግድግዳ በልስን አለመሸፈኑ ነው፤ ጠባሳው እስከ ዛሬ ይታያል።

የሠፈሩ ነዋሪ ከሥራ መልስ በዚያው ግድግዳ ሥር በኅብረት ይዘምራል፤ የኢንዶኔዥያን የነሐስ ጎንግም ይመታል።