ትርፉን ብቻ ሳይሆን ጉዳቱንም ስለ መካፈል

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ስለ ሌላው ሰው ከመናገሬ በፊት ስለ ራሴ ልናገር። በጎልማሳነቴ መጀመሪያ አንድ ቀን ከከተማ ወጣ ወዳለ ገበያ ድንች ልገዛ ሄድሁ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ በሁለት አህያ ጭነው ያመጡትን ድንች ዘርግተው ተቀምጠዋል። ዋጋውን ጠየቅኋቸው፤ ነገሩኝ፤ የተጋነነ አልነበረም። እኔ ግን ብልህ የሆንሁ መስሎኝ ሳልገዛ ዞር አልሁ። መንገዳቸው ሩቅ ነውና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጭነቱን መልሰው በአህያ ከሚጭኑት ይልቅ በረከሰ ዋጋ እንደሚሰጡኝ ዐውቅ ነበር። እንዳሰብሁትም ሆነ፤ በግማሽ ዋጋ ሸጡልኝ። ሲሰፍሩልኝም «ልጄ፤ ዘንድሮ በረዶ መታን» አሉኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ማታ ያን ድንች ስበላ አንድ አሳብ ያዘኝ። በረዶው የመታው የርሳቸውን ማሳ ነው፤ ምግቡ ግን የኔም ነው። ታዲያ ጉዳቱ የርሳቸው ብቻ የሆነው ስለ ምንድር ነው? ጥጋቡን እኛ የከተማ ሰዎች ስንካፈል፣ ችግሩን ለገበሬው ብቻ የተውነው በየትኛው ፍርድ ነው?

ከብዙ ጊዜ በኋላ ታሪክ ስመረምር ይህን ጥያቄ ሌሎችም ሰዎች ጠይቀው በሥራ እንደ መለሱት አገኘሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በጃፓን አገር ሚናማታ በተባለች ስፍራ አንድ ፋብሪካ ሜርኩሪ የተባለውን መርዝ ወደ ባሕር ይለቅ ነበር፤ ዓሣውን የበሉ ሰዎችም ክፉኛ ታመሙ። በሽታው በይፋ የታወቀው በ1956 ነው። ከዚህ በኋላ፣ የተባይ መድኃኒትም በእርሻው ላይ እየበዛ ስለ ሄደ፣ ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን የሚያበሉት ምግብ ከማን እጅ እንደሚመጣ ለማወቅ ፈለጉ። በ1971 ቴሩኦ ኢቺራኩ የተባሉ ሰው ያለ መርዝ የሚያርሱ ገበሬዎችንና የከተማ ቤተ ሰቦችን የሚያስተባብር ማኅበር መሠረቱ። ግንኙነቱ «ቴይኬይ» ተባለ፤ ትርጓሜውም መተባበር ማለት ነው። በ1978 ዐሥር ደንቦች ወጡለት። ከነዚህም አንዱ፣ በስምምነት የተዘራው ከደረሰ በኋላ ተመጋቢዎቹ ትንሽ ትልቅ፣ ቆንጆ ጎባጣ ሳይሉ ሁሉን ይቀበሉ የሚል ነው። ዋጋውም በመተሳሰብ እንጂ በመሸናነፍ እንዳይቆረጥ ተደነገገ።

በአሜሪካ ደግሞ በ1920 ከ900,000 በላይ የነበሩት ጥቁር ገበሬዎች ብድር እየተነፈጋቸው መሬታቸውን እያጡ ቍጥራቸው ሲመናመን፣ በአላባማ በሚገኘው በቱስኪጊ ያስተምሩ የነበሩት ቡከር ዋትሊ አንድ ምክር አመጡ። ምክሩም ትንሽ መሬት ያለው ገበሬ የከተማ ቤተ ሰቦችን በአባልነት ይመዝግብ፤ እነርሱም የዓመቱን መዋጮ አስቀድመው ይክፈሉ፤ ሲደርስም ራሳቸው መጥተው በርካሽ ይልቀሙ የሚል ነበር።

በ1986 በዚያው አገር በሰሜን ምሥራቅ በኩል ሁለት እርሻዎች በዚህ መንገድ ተቋቋሙ፤ አንዱ በማሳቹሴትስ፣ ሁለተኛው በኒው ሃምፕሺር። በኒው ሃምፕሺር የተደረገው እጅግ ያስደንቀኛል። ገበሬዎቹ የዓመቱን ወጪ ሳይሸሽጉ በጉባኤ ፊት ያቀርባሉ። እያንዳንዱም ቤተ ሰብ እንደ አቅሙ የሚሰጠውን ይናገራል። ድምሩ ወጪውን ካልሞላ ጉባኤው አይበተንም፤ የሚችል እንዲጨምር እንደ ገና ይጠየቃል። ሰብሉን ሲወስዱ ግን ሁሉም እንደሚያስፈልጋቸው ነው እንጂ እንደ ከፈሉት መጠን አይደለም።

የዚህ ሥርዓት ጥበቡ ቀላል ነው። ገንዘቡ ከመዝራት በፊት ስለሚገባ ገበሬው ለዘር ብሎ ወደ አራጣ አበዳሪ ደጅ አይሄድም። ዝናብ ሲያምር የሁሉም ቅርጫት ይሞላል፤ በረዶ ሲጥል የሁሉም ይጎድላል። አባቶቻችን «ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለኀምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

ይሁን እንጂ ያለ ችግር ነው ብዬ አላታልልህም። አባሉ ወቅቱ የሰጠውን እንጂ ያማረውን አይበላም፤ ጎመን በበዛበት ወር ጎመን ይበላል። በዚህ ተሰላችተው የሚወጡ አሉ። ለችግር ጊዜ ቃል መግባት በጥጋብ ጊዜ ይቀላልና።

በማሳቹሴትስ ያለውን እርሻ ከጀመሩት አንዷ ሮቢን ቫን ኤን ነበረች። ይህች ሴት አሳቡን በየአገሩ ስታስተምር ኖራ በ1997 ገና ሳትሸመግል ዐረፈች፤ መሬቱም ለሌላ ሰው ሊሸጥ ሆነ። ነገር ግን በአካባቢው ሰዎች የተቋቋመ የመሬት ማኅበር፣ ከአንድ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት ጋር ተረዳድቶ፣ በ1999 እርሻውን አዳነው፤ ለሚያርሱትም ገበሬዎች በ99 ዓመት ውል ሰጣቸው። ከእርሻው የበላ ሰው ለእርሻው ቆመ ማለት ነው።

ልጄ ሆይ፤ እንዲህ ያለውን ማኅበር ዛሬውኑ አቋቁም አልልህም። ቢቻልህ መልካም ነው፤ ባይቻልህ ግን እንጀራህን ስትቈርስ የማን ማሳ እንደ ሆነ ጠይቅ፤ ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት እንደ ነበረ ጠይቅ። ያን የጠየቀ ሰው በድኻ ላይ ዋጋ ለመስበር እጁ አይደፍርም።

እኔ ወደዚያ ገበያ ብዙ ጊዜ ተመልሼ ሄድሁ፤ ሽማግሌውን ግን ዳግመኛ አላገኘኋቸውም። የወሰድሁባቸውን ልመልስላቸው አልቻልሁም። ከዚያ ወዲህ ገበያ የምሄደው በማለዳ ነው።